ጥሩምባ ያልተነፋበት ለቅሶ

በደርግ ዘመን የሕክምና ተማሪ ሳለሁ፣ ልደታ ማርያም አጠገብ ያሳደገችኝ አክስቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ይውጣ አለ። እሷ ግን «ነቀርሳ ቢላ ከነካው ይቆጣል» ብላ እምቢ አለች። እምቢ ካለች ደግሞ በግትርነት በቅሎም አትደርስባትም።

እኔ የዚያኔ ገና አዲስ የሆነ ትምህርት ተምሬ ምላሴን እያሳከከኝ ነበር። «ሴል በሩ ላይ መልእክት ተቀባይ አለው» አልኳት። «ከውጭ ‹ተባዛ› የሚል መልእክት ሲመጣ ተቀባዩ ወደ ውስጥ ያቀብላል፤ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ መሐል ይደርስና ሴሉ ይባዛል። አንዳንድ ነቀርሳ ላይ ተቀባዩ ይበላሻል። ማንም ሳይልክ ‹ተባዙ› እያለ ይጮኻል።»

«እንደዚያች እንደ በራችን ጎረቤት በለኛ!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ማለዳ ሲነፋ፣ ለግቢያችን የምትሰማው በሩ አጠገብ የምትኖረው ሴትዮ ነበረች። ሰምታ ለቀጣዩ ቤት ትነግራለች፣ እነሱም ለቀጣዩ። አንድ ቀን ታዲያ ጥሩምባውን በሕልሟ ሰማችና ብድግ ብላ፣ ታመው የተኙትን ሽማግሌ ጎረቤታችንን «አረፉ!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ድንኳን ተተከለ፤ አክስቴም ንፍሮ ጣደች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡና «ማን ሞተ?» አሉ። ደፍሮ የሚነግራቸው ጠፋ። እሳቸውም ለቀስተኛው መሐል ተቀምጠው፣ ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ ከልባቸው አለቀሱ። ሴትዮዋ «ተሳስቻለሁ!» ብትልም ድንኳኑን ያየ መንገደኛ ሁሉ እያለቀሰ ይገባል። በመጨረሻ የቀበሌው ሊቀመንበር ያልተፈቀደ ስብሰባ መስሎት እየሮጠ መጥቶ አስነቀለው።

አክስቴ ይህን አስታውሳ ስትስቅ ቆየችና እጇን እብጠቱ ላይ አሳረፈች።

«ድንኳኑ ባይነቀል ለቀስተኛው አይቆምም ነበር» አለች። «በል፣ ነገ ሆስፒታል ውሰደኝ።»

ነቀርሳን ራሴ ያሸነፍኩት ይመስል ደረቴን ነፋሁ።

ቀጠሮዋ ደርሶ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ስንደርስ ስለ ማደንዘዣው ላስረዳት አፌን ከፈትኩ።

«ዝም በል» አለችኝ። «ፈርቻለሁ።»

የሰፈሩን ሴቶች አስከሬን ስትገንዝ ፈርታ አታውቅም ነበር። አሁን ግን እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። እኔም ፈራሁ፣ የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ።

«እንዳትሄድ» አለች፣ ነርሷ አልጋውን ስትገፋው።

አልሄድኩም። ከሰዓት በኋላ ከቀዶ ጥገናው ስትወጣ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «አለህ?» አለችኝ። «አለሁ» አልኩና እዬዬውን አቀለጥኩት።