የአባዬ ኮምፒውተር ዝም ያለ ሰሞን

አባዬ ከመምህርነት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ምሳውን በልቶ እጁን እንደታጠበ የሚሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ሳሎኑ ጥግ ያለው ኮምፒውተር። ድሮ የፈተና ወረቀት ይተይብበት የነበረ፣ ዛሬ እኔ የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ብወስደው ተማሪዎቹ ከብበው ፎቶ የሚያነሱት ሽማግሌ ማሽን ነው። አባዬ ቼዝ ይጫወትበታል። ስልኩ ላይ ጭኜለት ነበር፤ "ይሄ ሳያስብ ነው የሚያሸንፈኝ" ብሎ ተወው። አሮጌው ግን ያስባል። አንዳንዴ አስቦ እስኪጨርስ አባዬ ሻዩን ጠጥቶ ብርጭቆውን አጥቦ ይመለሳል።

ችግሩ ጩኸቱ ነበር። ዲላ ያለው የወላጆቼ ቤት ከቡና መፈልፈያ ጀርባ ነው፤ የገለባው ብናኝ መስኮት ቢዘጋም መግቢያ አያጣም። ፋኑ ያንን እየዋጠ፣ ፕሮሰሰሩን አቀዘቅዛለሁ ሲል ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል። እጠርገዋለሁ፤ ሳይውል ሳያድር እንደገና ይጀምራል። እማዬ ስሙን ወፍጮ አለችው። ከሰዓት በኋላ ሬዲዮዋን ከፍታ ዳንቴል የምትሠራው እዚያው ሳሎን ውስጥ ስለሆነ ሬዲዮውም አይሰማት፣ አባዬም አይሰማት። አንድ ቀን ዳንቴሏን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ "ቅዳሜ ቆራሌው ሲመጣ እሰጠዋለሁ። ወይ ወፍጮው ወይ እኔ" አለች።

አባዬ ቢከራከር ይሻለኝ ነበር። ኮምፒውተሩን አጠፋና ባዶው ስክሪን ፊት ቁጭ አለ፤ አንጀቴን በላኝ። በእማዬም መፍረድ አልቻልኩም፤ እኔ ራሴ እዚያ ቤት አምሽቼ ራሴን ሳያመኝ ወጥቼ አላውቅም።

ፋኑን ጨርሶ ላወጣው ወሰንኩ። የድሮ ፕሮሰሰር የዛሬዎቹን ያህል አይግልም፤ ክንፍ ክንፍ ያለው ትልቅ አሉሚኒየም ከተለጠፈበት ሙቀቱ ቀስ እያለ በራሱ ይወጣል። ገበያው አጠገብ አምፕሊፋየር የሚጠግን ሰው ዘንድ ሄድኩና ከተቃጠለ የሠርግ አምፕሊፋየር ላይ ፈትቶ ጡብ የሚያክል ሰጠኝ። የቡሌ ሰው ነው። "እህቴ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? ቡሌ ውሰጂው፤ እዛ ብርዱ ይበቃዋል" አለኝ እየሳቀ።

አርብ ከሥራ መልስ አሉሚኒየሙን በሞረድ አስተካክዬ፣ ሥሩን ሙቀት የሚያስተላልፈውን ነጭ ቅባት ቀብቼ ፕሮሰሰሩ ላይ አጥብቄ አሰርኩት። ፍጥነቱንም ትንሽ ቀነስኩለት፤ አባዬ እንደሆነ ቸኩሎ አያውቅም። አየር እንዲያገኝ ክዳኑን አወለቅኩ፤ ፋኑን መስኮቱ ደፍ ላይ ጣልኩት። ሳበራው ምንም ድምፅ የለም። አባዬ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና "ሞቷል እንዴ?" አለኝ፤ ይህን እያለ የቼዙ ሰሌዳ ወጣ። ደስ ሲል! እማዬ ከዳንቴሏ ቀና እንኳ ሳትል "እናያለን" አለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አባዬ ደወለ። "ደርቋል" አለኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። በባጃጅ ከነፍኩ። ስደርስ ስክሪኑ ላይ ፈረሱ በመሀል መንገድ ቆሟል፤ ማሽኑ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ዳንቴል ለብሷል።

እኛ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል። ያልለበሰው ወፍጮው ብቻ ነበር።

"አባትሽ ወደ ደጅ ወጣ ሲል አለበስኩት" አለች እማዬ። "አልጮኸም እኮ፤ የጠፋ መሰለኝ።" ዳንቴሉን አየሁት፤ ያ ጭኗ ላይ የከረመው ነው። ለቆራሌው የሚሰጥ ዕቃ ማን ያለብሳል? ቁጣዬን ትቼ ዳንቴሉን ያዝኩት።

ሳነሳው አሉሚኒየሙ እንደ ካውያ ግሏል። አጥፍቼ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። አባዬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። እማዬ ቀስ ብላ "ገደልኩት?" አለችኝ። አሉሚኒየሙን በጣቴ ነካ አደረግኩት፤ ገና አልቀዘቀዘም። ያን ጊዜ ከመንገዱ ማዶ "ቆራሌው!" የሚል ድምፅ መጣ፤ አባዬ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ማብሪያውን ተጫንኩ። ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቆየ፣ ቆየና የቼዙ ሰሌዳ ብቅ አለ። አባዬ ወንበሩን ሳበ እንጂ አልተቀመጠም፤ እማዬን ነበር የሚያየው። እሷ ተነሳች፣ መስኮቱ ደፍ ላይ የጣልኩትን ፋን አንስታ ወጣች፤ ስትመለስ ትንሽ ሳፋ ይዛለች።

"ወፍጮውን ሰጠሁት" አለችው። ዳንቴሉን አጣጥፋ ማሽኑ ሥር አነጠፈችና ሬዲዮዋ አጠገብ ተቀመጠች። "በል ተጫወት።"