ትርፉ ሃምሳ ኪሎ

ኤገርት ሠላሳ አራት ዓመት ጣሪያ ሲሠራ ኖሯል። አንድም ቀን ለጎደለ ምስማር ብሎ ከመሰላል አለመውረዱ ኩራቱ ነበር። ስለዚህም ጡረታ ወጥቶ፣ ቤትም መኪናም የሆነችውን ነጭ ተሽከርካሪ ከገዛ ወዲህ፣ ሦስቱን የመሣሪያ ሣጥኖቹን ሳይጭን ጉዞ ወጥቶ አያውቅም።

በዚህ ሰኔ ግን ሌላም ጭነት ነበረው። ባለቤቱ ጌዚነ ስትሮክ ግማሽ አካሏን ከያዛት ወዲህ የመጀመሪያው ጉዟቸው ነው፤ ኖርዌይ ድረስ። ባትሪ ያለው ተሽከርካሪ ወንበሯ ብቻውን ሃምሳ ሁለት ኪሎ ይመዝናል። መኪናዋ ደግሞ ከነጭነቷ ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ እንድታልፍ ሕጉም ፍሬኗም አይፈቅዱም። ኤገርት ሳምንት ሙሉ ድስቱንም ድንቹንም እየመዘነ በመኪናዋ ወረቀት ላይ ከሰፈረው ክብደት ጋር ደመረ። ሦስት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ሆነለት።

ልቡ ግን አላረፈም። በጉዟቸው ዋዜማ ጎመን የጫኑ መኪኖች ወደሚመዘኑበት ወደ ገበሬዎቹ ማኅበር ነዳ። መዛኟ ቪብከ በመስኮት ብቅ አለች።

«ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ! ጎመን ሰርቀህ ነው እንዴ?»

«ሚዛንሽ ተበላሽቷል!»

«እስቲ ወረቀቱን አምጣው።» አነበበችና ሳቀች። «ይሄ የሚቆጥረው ሠላሳ ሊትር ውኃ ነው፤ አንተ መቶ ሠላሳ ሞልተሃል። በኋላ ያስገጠምከውን የጎን የሸራ ዳስም አያውቀውም። ሾፌሩም ሰባ አምስት ኪሎ ነው ይላል።»

«ሰባ አምስት?» አለች ጌዚነ ከውስጥ። «እሱን ሰውዬ እኔ አላገባሁትም።»

«ውኃውን ድፋው፤ ኖርዌይ ውኃ የለም እንዴ?» አለችው ቪብከ።

መቶ ሊትር ደፍቶ እንደገና ተመዘኑ። አሁንም ሃምሳ ኪሎ ትርፍ ነበር።

ጌዚነ፣ «ወንበሩ ይቅር፤ ባሕሩን መኪናዋ ውስጥ ሆኜ በመስኮት አያለሁ» አለችው።

ድሮ በባሕር ዳርቻ ስትሄድ ሁልጊዜ ትቀድመው ነበር፤ ኤገርትን ትዝ ያለው እሱ ነው። ወርዶ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ እያወጣ በቪብከ መጋዘን ጥግ ደረደራቸውና ለመመዘን ተመልሶ መሪው ላይ ተቀመጠ።

«አልሸጥብህም፣ አትፍራ» አለችው ቪብከ። «ሦስት ሺህ አራት መቶ ዘጠና ሁለት። ሂዱ በሉ!»

እሱ ግን እንደገና ወርዶ ከሣጥኖቹ አጠገብ ቆሟል፤ በልጅነቱ ሙያውን ያስተማረው ሰው የሰጠውን መዶሻ በእጁ ይዞ።

«አምጣው» አለችው ጌዚነ፣ ደኅናውን እጇን ዘርግታ። «ሆስፒታል ተኝቼ አሥራ ሁለት ኪሎ ከስቻለሁ። መዶሻውን በእሱ ቦታ ቁጠርልኝ።»