በጧፍ የታሸ ክር

አውሮፕላኗ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ የሚቀመጥባት፣ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ጭራዋ ላይ የምታርፍ ትንሽ ነገር ናት። ክንፏ የእንጨት አጥንት ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው። ጨርቅ ነው ስል ሰው አያምነኝም። አንዲት ሴት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «እርስዎ ደግሞ፣ ጨርቅ እንዴት ይበራል?» ብላ ሳቀችብኝ። «ያንቺ ነጠላ ነፋስ ሲያገኘው የት ይሄዳል?» አልኳት።

ባለቤቴ ደብረ ዘይት ሃያ ዓመት አውሮፕላን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ፈቃድ ስለሌለው ብሎን አጥብቆ እንኳ ስሙን መጻፍ አይችልም። አውሮፕላኗን የገዛት ከአንድ ጓደኛው ጋር እኩል አዋጥቶ ነው። ጓደኛው በአሥር ዓመት ያንሰዋል፤ ያኔ ደብረ ዘይት ሥሩ ሆኖ ሥራ የተማረ ነው። አሁን ግሬፕቫይን ከተማ የሆቴል እንግዶችን ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለዓመታት ተምሮ የመብረር ፈቃድ አወጣ። ባለቤቴ ይጠግናል፣ እሱ ያበራል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ፈቃድ ያለው አንድ አሜሪካዊ መካኒክ መጥቶ ሁሉን ይመረምርና የጥገና መዝገቧ ላይ ይፈርማል። እኛ ቤት ስሙ «ፈራሚው» ነው። እሱ ካልፈረመ አውሮፕላን ሳትሆን ዕቃ ናት።

መዝገቡን የጀመሩት ሌሎች ናቸው፤ አብዛኛውን የሞላው ግን አውሮፕላኗን የሸጠልን ሽማግሌ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ነው የሸጣት። ሲያስረክበን አውሮፕላኗ የምታድርበት ሃንጋር ውስጥ ወንበር ዘርግቶ አስቀመጠንና መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበልን። ግማሽ ቀን ፈጀ። ጎማ ነፍቶ ጽፏል። ከሞተሩ ሥር የወፍ ጎጆ አውጥቶ ጽፏል። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ እንግሊዝኛም ብዙ አላነብም፤ የእሱን የእጅ ጽሑፍ ግን ከማንም ለይቼ አውቀዋለሁ። በዓመቱ ሞተ። ቀብሩ ላይ ሦስታችንም ቆመናል።

የኔ ሥራ ጨርቁ ነበር። አዲስ አበባ መሳለሚያ አካባቢ የጭነት መኪና ሸራ እሰፋ ነበር፤ እዚህ መጥቼ ፋርመርስ ብራንች ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ ብኖርም እጄ ሸራውን አልረሳም። ክንፉን አጥባለሁ፣ በጣቴ ጫፍ መታ መታ አድርጌ አዳምጣለሁ። ደህና ጨርቅ እንደ ከበሮ ይመልሳል። የላላ ጨርቅ ዝም ይላል።

የባለቤቴን ዓይን የበላው ስኳር ነው። ሐኪሙ ቀኙን እናድን ይሆናል፣ ግራው ግን የጊዜ ጉዳይ ነው አለን። ከዚያ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ዕድሜዬን ሌላው የሚበርበትን ስጠግን ጨረስኩ። ዘንድሮ፣ ፈራሚው እንደፈረመ፣ አንድ ጊዜ ከላይ ሆኜ ደህና አድርጌ ልይ» አለ።

«ከዚህ በፊት ወጥተህ የለም እንዴ?»

«ሞተሩን እያዳመጥኩ ነበር። ምኑን አየሁት።»

እኔም ሆንኩ ጓደኛው ያን ጊዜ ያሰብነው ይህንኑ ብቻ ነበር። ዓይኑ ሳይሄድ አውሮፕላኗ ይዛው ትውጣ።

ፀደይ ላይ በረዶ ወረደ። የእንቁላል ያህል ነበር። የሃንጋሩን ጣሪያ አንድ ቆርቆሮ ገንጥሎ በግራው ክንፍ ላይ ጣለው። ጨርቁ የክንድ ያህል ተቀደደ፣ ጨርቁን ከሁለት አጥንቶች ጋር ያሰረውም ክር ተበጠሰ። ባለቤቴ ቀኝ ዓይኑን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር፤ ሳምንት ሙሉ በደረቱ ተኝቶ ፊቱን ወደ ታች እንዲያደርግ ታዟል። ጓደኛው በረራ ተሰርዞ እንግዳው ሁሉ መንገድ ላይ ስለቀረ ሁለት ፈረቃ ይሠራል። የሃንጋሩ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ከምንኖርበት ከጋርላንድ እየነዳሁ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ሄድኩ።

የሰፋሁት እንደማውቀው ነው። ጠንካራ የጥጥ ክር አራት አጠፍኩ። ክሩን ከቤተ ክርስቲያን በተረፈ ጧፍ ደህና አድርጌ አሸሁት፤ ሸራ ሰፊ ክሩን በሰም ካላሸ ውሃ ይገባበታል። ረጅሙን የጆንያ መርፌ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ በአጥንቱ ዙሪያ አመላለስኩ። በየሁለት ጣቱ እየለካሁ ለእያንዳንዱ ስፌት የራሱን ቋጠሮ አበጀሁለት፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዳይከተለው። ከላዩ ጨርቅ ለጥፌ ጣሳ ውስጥ የተረፈውን የክንፍ ቫርኒሽ ቀባሁት። ሲደርቅ መታ መታ አደረግኩት። እንደ ከበሮ መለሰ።

ባለቤቴ ተነስቶ ሲመጣ ክንፉን በመዳፉ ዳሰሰው። የሰፋሁት ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ የኛ ክር አይደለም።»

«አይደለም። የኔ ነው።»

«በምን አሸሽው?»

«በጧፍ።»

ጓደኛው ከኋላችን ነበር። ጴንጤ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ አያልፍም። «እትዬ፣ ጧፉን ሳያጠፉት ነው የሰፉት? እንግዲህ ሞተር ቢጠፋብን ቅዱሳኑ ይሸከሙናል በሉኛ።»

«እናንተ በጩኸት የምትበሩ ናችሁ፤ ዝም በል።»

ባለቤቴ አልሳቀም። ቋጠሮዎቹን በጣቱ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። «ከኔ ስፌት ይጠነክራል» አለ። ቀጥሎም ያልጠበቅኩትን ነገረኝ። አጥንት የሚነካ ስፌት የሚሰፋው ለአውሮፕላን በተፈቀደ ክር ብቻ ነው፤ መዝገብ ላይም መጻፍ አለበት። ይፍረስ ከተባለ የክንፉ ጨርቅ በሙሉ ይወልቃል። ክንፍ ከወረደ ደግሞ ዓመት ነው።

«ፈራሚው ካልጠየቀ አንናገርም» አለ ጓደኛው።

ባለቤቴ ወደኔ ዞረ። ያልተጠየቁትን አለመመለስ ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩና በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ፈራሚው መጣ። ሞተሩን አየ፣ ጎማውን አየ፣ ሽቦውን ጎተተ። ቀኙን ክንፍ ዳሰሰ። ግራውን ሲዳስስ እንደ ባለቤቴ እዚያው ቦታ ላይ እጁ ቆመ። የቫርኒሹን ጠርዝ በጥፍሩ ገለጥ አድርጎ አየ፣ አሸተተም።

«ይሄን ማን ሠራው?»

ጓደኛው ፈጠን አለ። «ከኛ በፊት የነበረው ሰው ይመስለኛል።»

ፈራሚው መነጽሩን አድርጎ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠው። ገጽ በገጽ። የሽማግሌው ጽሑፍ ከሩቅ ይታየኝ ነበር። «አልጻፈውም» አለ።

«ረስቶት ይሆናል። አርጅቶ ነበር፣ እጁም ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ፈራሚው ብዕሩን አወጣ። አምኖት ይሁን ሰልችቶት አላውቅም። ባለቤቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል። እኔ ግን የወፍ ጎጆው ትዝ አለኝ። ጎጆ ያወጣበትን ቀን የጻፈ ሰው ክንፍ ሰፍቶ ረሳ ሊባል ነው። መልስ መስጠት በማይችልበት ጊዜ፣ የኔን ሥራ በእሱ ላይ ልንጭን ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ በአማርኛ። ከዚያ እጄን ዘርግቼ የመርፌውን ጠባሳ አሳየሁት። «ማይ ሃንድ። ኖት ሂም።»

ፈራሚው ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ስለ ክሩ ጠየቀኝ፣ ጓደኛው እየተናደደ ተረጎመ። «ጎትተው» አልኩት ፈራሚውን። «ከተበጠሰ ምላሴን ቁረጠው።»

«ስፌቱ ጥሩ ነው» አለ። «ዛሬ አይበጠስም። ግን ጥጥ በዚህ ሙቀት መቼ እንደሚበሰብስ አላውቅም። በማላውቀው ነገር ላይ አልፈርምም።»

ልጣላው ፈለግኩ፣ የምጣላበት አጣሁ። እኔም ብሆን አልፈርምም ነበር።

ሲሄድ ጓደኛው መፍቻውን ጠረጴዛ ላይ ወረወረ። «እትዬ፣ ሰውየው ሞቷል እኮ። ምን ይጎዳዋል?»

«ስለሞተ ነዋ። ቢኖር ራሱ ይመልስልህ ነበር።»

«ጋሼስ? ጋሼ በሕይወት አሉ እኮ።»

ጋሼ የሚለው ባለቤቴን ነው። መፍቻውን አንስቼ ቦታው መለስኩት።

በዚህ አገር የሙቀት ወቅት፣ ሐምሌ ላይ፣ ክንፉን አውርደን ሁለት የእንጨት እግር ላይ ጋደም አደረግነው። ጨርቁ ሲገለጥ ውስጡ ይታያል ብዬ ፈርቼም ተመኝቼም ነበር። የተሰነጠቀ አጥንት ቢገኝ፣ እንኳን ተናገርሽ የሚያሰኝ አንድ ነገር ቢገኝ። አጥንቱ ደህና ነበር። ሁለቱም። ቋጠሮዬን ጓደኛው በእጁ ሊፈታው ሞክሮ አቃተው፤ በቢላዋ እየቆረጥኩ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንድም የላላ አልነበረም። በሙቀቱ የጧፉ ሽታ ከክንፉ ውስጥ ወጣ፣ ጓደኛውም ያን ቀን አልቀለደም።

ከዚያ ሁሉ ነገር ዘገየ። የተፈቀደው ጨርቅ እስኪመጣ ተጠበቀ። ጓደኛው ፈረቃው ተቀይሮ በወር አንድ ቅዳሜ ብቻ ማግኘት ጀመረ። ፈራሚው ወገቡን ታሞ ሁለት ወር ጠፋ። ባለቤቴ መጀመሪያ በየሳምንቱ «የት ደረሰ?» ይል ነበር። የግራ ዓይኑ በመስከረም ሄደ። ድኗል የተባለው ቀኝ ከገና በፊት እንደገና ደም ቋጠረ፤ አሁን የሚለየው ብርሃንና ጨለማን ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሮኛል። ሃንጋሩ በር ላይ መኪናውን ፓርክ አድርጌ ቀበቶውን እየፈታሁለት ነበር። በላያችን ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ተከታትለው ይወርዳሉ፤ ሳያያቸው ፊቱን እያዞረ ይከተላቸዋል።

«ምነው ያን ቀን ዝም ብትዪ» አለኝ።

ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት እመልስለት ነበር። እጁን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባሁት።

ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን ጨርቅ መስፋት ጀመርን። ሰም ተቀብቶ የተሸጠ ክር ነው፤ ርቀቱን የሚለካው ማስመሪያ እንጂ ጣቴ አይደለም። ፈራሚው ወንበር ላይ ሆኖ እጄን ያያል። በፊት የሰፋሁትና ያፈረስኩትም መዝገቡ ላይ ይጻፍ ብዬው ጻፈ፤ እኔ አላነብበውም፣ ባለቤቴ አያየውም። ባለቤቴ ገና ያልተሰፉትን አጥንቶች በእጁ እየቆጠረ ክንፉን ዳር ዳር ሄደ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ጓደኛው አዘነለት መሰለኝ። «ጋሼ፣ ፀደይ ላይ ታልቃለች። ከፊት አስቀምጬዎት እወጣለሁ።»

«ምን ልይ ብዬ?»

«ነፋሱን ይሰሙታላ። ሞተሩን ይሰሙታል።»

ባለቤቴ እጁን ከአጥንቱ ላይ አነሳ። «ነፋስማ በረንዳዬም ላይ አለ» አለና ወንበሩ የት እንደሆነ ጠየቀኝ።

ወሰድኩት፣ አስቀመጥኩት። ተመልሼ መርፌውን አነሳሁ። ገና ሃያ ሁለት አጥንት ይቀረኛል።