ቀዩ ጨርቅ የተሰጣበት ቅዳሜ

መንደሪን ሲላጥ የሚወጣው ሽታ ታክሲ ውስጥም ያግኘኝ ቢሮ፣ ብቻውን አይመጣም፤ የናፍጣና የጋለ ብረት ሽታ አስከትሎ ይመጣና ወዲያው አቃቂ ይወስደኛል። ሰው ሁሉ መንደሪንን ከዛፍ ጋር ሲያገናኝ እኔ የማገናኘው ከፉርጎ ጋር ነው። ልጅ ሳለሁ መንደሪን የሚበቅለው ባቡር ሆድ ውስጥ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያለ ጥያቄ አምነው ነበር፤ እስከዚያ ዕድሜዬ ያየሁት መንደሪን ሁሉ ከድሬዳዋ በባቡር መጥቶ፣ አቃቂ ጣቢያ ወርዶ፣ እናቴ ቅርጫት ውስጥ የገባ ነበርና።

ቤታችን ከሐዲዱ ጋር አጥር ለአጥር ነበር። ባቡር ባለፈ ቁጥር ቡፌው ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች እየተንቀጫቀጩ ወደ ጠርዙ ይጠጉና፣ እናቴ በእጇ መልሳ ወደ ግድግዳው ትገፋቸው ነበር፤ እንግዳ ካለ ጨዋታዋን ሳታቋርጥ ነው የምትገፋው። አባቴ፣ ሰፈርተኛው ጋሽ በቀለ የሚለው፣ ጣቢያው ላይ ባንዲራ ያዥ ነበር። አረንጓዴውን ጨርቅ ሲዘረጋ ባቡሩ ያልፋል፣ ቀዩን ሲዘረጋ ያ ሁሉ ብረት እየጮኸ ይቆማል። የሌሎቹ ልጆች አባቶች ፋብሪካ ውስጥ ክር ሲያስፈትሉ ይውላሉ፣ የእኔ አባት ግን በአንድ እጁ ባቡር ያቆማል፤ ይህን ያልነገርኩት ልጅ ትምህርት ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

ባንዲራዎቹ ጥቀርሻና ናፍጣ እየጠጡ ስለሚጠቁሩ እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንጨታቸው ፈትታ ታጥባቸው ነበር። «ነጂው ቀለሙን ከሩቅ መለየት አለበት» ይል ነበር አባቴ፣ የገዛ ሸሚዙ ቢቆሽሽ ግድ የማይሰጠው ሰውዬ። ክረምት ክረምት አልደርቅ ይሉና ከሰል ማንደጃው በላይ ይንጠለጠላሉ፣ ቤቱም እርጥብ ጨርቅና በቆሎ እሸት ይሸታል። በጋ ላይ ግን በቤታችን አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር። አረንጓዴው የትም ይሰጣ፣ ቀዩ ጨርቅ ግን ከቤቱ ጀርባ፣ ባቡር ነጂ በማያየው ገመድ ላይ እንጂ ወደ ሐዲዱ በሚያየው ሽቦ ላይ አይሰጣም። እህቴ እመቤት አንድ ጊዜ ቀይ ሹራብ ገዝታ ስትመጣ አባቴ ካየው በኋላ ያለው ነገር ቢኖር «የት እንደምታሰጪው ታውቂያለሽ» ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ እመቤት ታጨች። እጮኛዋ ሰለሞን ፉርጎ ላይ ተቀምጦ ፍሬን የሚይዝ የባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እኛ ቤት ሲመጣ ወንበር ጫፍ ላይ የሚቀመጥ። አባቴ በጣም ወደደው፤ «ፍሬን ያዥ ሰው አይቸኩልም» አለ። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። ግን መስቀል ባለፈ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰለሞን ከነጓደኞቹ ፍሬናቸው ያረጀ ፉርጎዎችን ይዘን ቁልቁለት አንወርድም አሉና ከሥራ ተባረሩ። ማታ ቤታችን መጥቶ ለአባቴ ሲነግረው አንገቱን ደፍቶ ነበር። «ጋሼ፣ ልጅዎን በዚህ ሁኔታ አልወስድም፣ ሰርጉ ይቆይ» አለው። አባቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት እናቴ ከጓዳ ሆና «ቀን የተቆረጠለት ሰርግ አይቆይም። ይልቅ እራትህን ብላ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ነው አድማ የሚባለውን ቃል የሰማሁት። ሠራተኞቹ የተባረሩት ካልተመለሱና የተበላሹት ፉርጎዎች ካልተነሱ ባቡሩን እናቆማለን አሉ፣ ወሬውም ከጣቢያው ተነስቶ ሳሪስ አቦ ገበያ እስኪደርስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። እውነቱን ለመናገር ለእኛ ለልጆቹ ከዚህ የበለጠ የምሥራች አልነበረም። ባቡር ከሌለ ሐዲዱ ሙሉ ቀን የእኛ ነው! ማን በየትኛው ብረት ላይ ሳይወድቅ ገላን ድረስ እንደሚሄድ ሳይቀር ውድድሩን አስቀድመን አወጣን።

ትልልቆቹ ደግሞ በራሳቸው መንገድ አበዱ። ስኳሩም፣ ከሰሉም፣ ጨውም በባቡር ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ኅዳር ላይ ሰፈሩ በሙሉ ጨው መግዛት ጀመረ። ለምን ጨው እንደተመረጠ እስከ ዛሬ አይገባኝም። አንዷ ጎረቤታችን አንድ ኩንታል አስገባች፣ ሌላዋ ይህን አይታ ሁለት አስገባች፣ ጨው አይተው የማያውቁ ይመስል ወንዶቹም ተጋፉ። አልጋ ሥር ያልተቀመጠበት ቤት አልነበረም። እናቴ ራሷ ጨው ትቸረችር ስለነበር እየሸጠች ትስቅ ነበር፤ «ባቡር ቢቆም ጨው ብቻ ልትበሉ ነው?» ትላቸዋለች። እሷን ያስጨነቃት መንደሪኑ ነበር። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት እስረኛ ሊጠይቁ የሚሄዱ ሴቶች ከእሷ መንደሪን ሳይገዙ አያልፉም፣ ባቡሩ ከቆመ ቅርጫቷ ባዶ ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ የሰርጉ ዕቃ አለ። አክስቴ ፀሐይ ድሬዳዋ ትኖር ነበርና የሙሽራዋን ልብስ፣ ብርጭቆና ሰሃኑን፣ ዘይቱን ሁሉ ይዛ በባቡር ልትመጣ ነበር።

እንግዲህ እናቴ የቆመችበትን ቦታ አስቡት። አድማው ካልተደረገ ልጇን የሚያገባት ሥራ የሌለው ሙሽራ ነው፣ አድማው ከተደረገ ደግሞ ሙሽራዋ የምትለብሰው የለም።

ታኅሣሥ ውስጥ የቤታችን ወሬ ይህ ብቻ ሆነ። አባቴ ከስብሰባ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ማታ አድማው ከሰርጉ በኋላ ባለው ሰኞ እንዲጀመር መወሰኑን ነገራት፤ ቀኑ እንዲገፋ የለመናቸው እሱ ነበር፣ የአክስቴ ባቡር እንዲደርስ ብሎ።

«እሺ ብለውኛል» አላት ወለሉን እያየ። «ለእኔ ሲሉ።»

«ታዲያ እሑድ ሰርጉ ላይ ሰው ልጁን ምን ብሎ ነው የሚመርቀው? ሥራ ይስጥህ ብሎ?»

«ሙሉ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን አይሆንም» አላት እናቴን በስሟ ጠርቶ።

እናቴ ሰሃኖቹን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። እናቴ ወሬ እንዲህ አቋርጣ ስትነሳ ምን ማለት እንደሆነ ሃያ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ማወቅ ነበረበት።

ጥምቀት አልፎ የሰርጉ ዋዜማ ቅዳሜ ደረሰ። ደጃችን ላይ ዳስ ተጥሎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ሴቶች ሽንኩርት እየከተፉ ያለቅሱ ነበር። አባቴ ለሰርጉ ፈቃድ ወስዶ ስለነበር ጣቢያው ላይ ሌላ ሰው በሌላ ባንዲራ ተክቶታል፣ የእሱዎቹም እንደ ወትሮው ለእጥበት ቤት ነበሩ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ የአክስቴን ባቡር ስጠብቅ ነበርና እናቴ ሳፋዋን ታቅፋ ስትወጣ አየኋት። አረንጓዴውን ከቤቱ ጀርባ አሰጣችው። ቀዩን ደግሞ እንደ አንሶላ አራግፋ፣ ግራና ቀኙን ወጥራ፣ ወደ ሐዲዱ በሚያየው ሽቦ ላይ አሰጣችውና በሁለት መቆንጠጫ ያዘችው። «እማዬ፣ ሕጉስ?» አልኳት። «ከጀርባ ፀሐይ የለም» አለችኝ፤ ፀሐይማ ሁሉም ጋ ነበረች።

ባቡሩ ከገላን በኩል ጡሩንባውን እየነፋ ብቅ አለ። ከዚያ ያ የማውቀው የብረት ጩኸት ተሰማ፣ ረጅም፣ ጥርስ የሚያፋጭ፣ ሽንኩርት ከታፊዎቹ ቢላዋቸውን ይዘው ተነሱ፣ ባቡሩም ተንገራግጮ ልክ ዳሳችን ፊት ለፊት ቆመ። ነጂው ጋሽ አብዲ ከሞተሩ ወርዶ ቀዩን ጨርቅ አየ፣ አባቴን አየ፣ «ሰኞ አልነበር እንዴ የተባለው? በሉ እንግዲህ፣ ተጀመረ» ብሎ ባርኔጣውን አውልቆ ዳሱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ፍሬን ያዦቹም ተከተሉት። ወሬው ጣቢያ ሲደርስ እዚያ ያሉትም ሥራቸውን ትተው መጡ። አድማው የተጀመረው እንዲህ ነው።

አክስቴ ፀሐይ በመስኮት ግማሽ ሰውነቷን አውጥታ «አቦ! በር ድረስ የሚያደርስ ባቡር መቼ ጀመራችሁ?» እያለች ሻንጣ ታቀብል ጀመር። ብርጭቆው ወረደ፣ ዘይቱ ወረደ፣ የሙሽራዋ ልብስ በሰው ራስ ላይ እየተላለፈ ገባ። ነጋዴዎች ዕቃቸው ፉርጎ ውስጥ እንዳይቀር ከየአቅጣጫው እየሮጡ መጡና ሐዲዱ ዳር ገበያ ሆነ፤ የከሰል ጆንያ፣ የፍየል ጩኸት፣ የመንደሪን ሣጥን። እኛ ልጆቹ የፈነዳውን መንደሪን በነፃ እየበላን፣ በፉርጎዎቹ መሐል እየተሹለከለክን ዋልን፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያን ያህል የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ባቡሩ ረጅም ስለነበር ጭራው ወደ ፋብሪካዎቹ የሚወስደውን መንገድ ዘግቶት ቀረ። የጥጥ መኪኖች ተሰለፉ፣ ጡሩንባ በጡሩንባ ሆነ፣ ሰዓታት ሳያልፉም ከለገሃር አንድ ኃላፊ መኪናውን ከሰልፉ ኋላ ጥሎ፣ በእግሩ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ መጣ።

«ማነው ቀይ ያወጣው?» አለ ገና ዳሱ በር ላይ ሳለ።

አባቴ ብድግ አለ። «ባንዲራው የእኔ ነው ጌታዬ» አለ።

«ያሰጣሁት ግን እኔ ነኝ» አለች እናቴ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች። «የታጠበ ጨርቅ አይሰጣ የሚል ሕግ ካለ ያሳዩኝ። እኔ የእርስዎ ሠራተኛ አይደለሁ።»

ኃላፊው ወደ ነጂው ዞረ። ጋሽ አብዲ ጠላውን አስቀምጦ «እኔ ቀይ አየሁ፣ ቆምኩ። ቀይ አይቶ የሚያልፍ ነጂ ከፈለግክ ሌላ ቅጠር» አለው። የድሬ ሰው አንቱ አያውቅም። አባቴ ፈቃድ ላይ፣ ነጂው በደንቡ፣ እናቴ በልብስ እጥበቷ፤ ሰውየው የሚቆጣው ሰው ፈልጎ ዙሪያውን ቢያይ አጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሰርግ ቤት ገብቶ ቆሞ መሄድ ነውር ነው» አሉትና አስቀመጡት፣ እናቴም ሰሃን ሙሉ መንደሪን ፊቱ አኖረች።

ድርድሩ እዚያው፣ የተከራየነው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጀመረ። ሰለሞን ግን መግባት አልቻለም፤ ሙሽራ በዋዜማው የሙሽራዋን ደጅ አይረግጥምና ከባቡሩ ማዶ ከሚዜዎቹ ጋር ቆሞ ነበር። የሚወራው የእሱ እንጀራ ስለሆነ አክስቴ ባዶው ፉርጎ ላይ ወጥታ የተባለውን ሁሉ ወደ ማዶ ትጮህለት ነበር። «ፉርጎዎቹን እናያለን ብሏል!» «ማየት አይበቃም አሉት!» «አሁን መንደሪን እየላጠ ነው፣ ጥሩ ነው!» እመቤት ጓዳ ውስጥ ፀጉሯን እየተሠራች እያንዳንዷን ቃል ትሰማለች፣ ስቃ ስታለቅስ፣ አልቅሳ ስትስቅ።

ጀምበር ዘንበል ስትል ኃላፊው ከቅርፊቱ ክምር ቀና ብሎ የተበላሹት ፉርጎዎች እዚሁ አቃቂ ተፈትተው እንደሚቀሩ፣ የተባረሩትም ሰኞ ሥራ እንደሚገቡ በሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ሰጠ። አክስቴ ፉርጎው ላይ ሆና ያሰማችው እልልታ ከባቡሩ ጡሩንባ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ከማዶ ሚዜዎቹ መለሱ። አባቴ ወደ ሽቦው ሄዶ ቀዩን ጨርቅ በጥንቃቄ አወረደ፣ ደርቆ ነበር፣ አጠፈውና ለእናቴ ሰጣት። አረንጓዴውን ግን ራሱ ዘርግቶ ባቡሩን አሳለፈው። በማግሥቱ እህቴን ሥራ ላለው ሰው ዳርናት።

ጨዉ ግን ቀረ። በሚቀጥለው ክረምት ውሃ ቋጥሮ ከየአልጋው ሥር ይፈስ ጀመር፣ ሰፈሩም ለዓመታት ጨው ሳይገዛ ኖረ።

ባቡሩ በእርግጥ የቆመው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፣ ያለ አድማና ያለ ቀይ ጨርቅ። መጀመሪያ ይዘገይ ነበር፣ ቀጥሎ አልፎ አልፎ ይቀር ጀመር፣ ከዚያ አንድ ቀን አልፎን ሄደና ሳይመለስ ቀረ። ለጥቂት ቀናት ይቆማል ሲባል ያ ሁሉ ሰው ተጋፍቶ ጨው የገዛበት ሰፈር፣ ለሁልጊዜው ሲቆም አንድ ኪሎ የገዛ የለም። መንደሪኑ በአይሱዙ መምጣት ጀመረ። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ብዙም አልቆየም፤ ሐዲዱ ላይ ሣር ሲበቅል ማየት ሳይከብደው አልቀረም።

እናቴ ዛሬ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ባለፈው ጥር መንደሪን ይዤላት ስሄድ በረንዳዋ ላይ ከአንሶላዎቹ መሐል ያ ቀይ ጨርቅ ተሰጥቶ አየሁት፣ ወደ አዲሱ ሐዲድ ፊቱን አዙሮ።

«እማዬ፣ ያኔ አውቀሽ ነበር አይደል?» አልኳት።

«የታጠበ ነገር ይሰጣል» አለችኝ፣ መንደሪኑን እየላጠች።

አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ ንጹሕና ፈጣን፣ ሽታም የለው። ያኔ ባቡር አንድ ሴት ያሰጣችውን ጨርቅ አይቶ ይቆም ነበር፣ ያሁኑ ነጂ ፎቅ ላይ የተሰጣ ልብስ የሚያይበት ምክንያት የለውም። ስናወራ ብቅ አለና ሳይቆም አለፈ። እናቴ ጨዋታዋን ሳታቋርጥ እጇን ወደ ቡፌው ዘርግታ ብርጭቆዎቹን ወደ ግድግዳው ገፋቻቸው። አንዱም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም ነበር።