አክስቴን ላሳርፋት ብዬ

ኖርዌይ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ በደንብ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ሰውን አለመረበሽ ነው። ቋንቋቸውን እስካሁን እየተንተባተብኩ ነው የምናገረው። ይህን ግን አጥርቼ ተምሬያለሁ።

የምኖረው በሰሜን በኩል ባለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው፤ የምሠራው በአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም በወረቀት የጠቀለለውን ዳቦ ከቦርሳው አውጥቶ የየራሱን ይበላል። መጀመሪያ ሰሞን ሽሮዬን መሐል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ "እንብላ" ስላቸው፣ "ምሳ ይዘናል እኮ" ብለው ዳቧቸውን አሳዩኝ። አርብ ማታ ከየቤቱ የሥጋ ጥብስ ይሸታል፤ ታኮ የሚሉትን በሥጋ የተሞላ ቂጣ የሚበሉበት ቀን ነው፤ እኔ ጾመኛው መስኮቴን እዘጋለሁ። ከፍየል ወተት የሚሠሩት ቡናማ አይብ ደግሞ እንደ ከረሜላ ይጣፍጣል፤ ፍየል በሞላበት ባገሬ በዋግ ይህን ባወራ ማን ያምነኛል?

ክፉ ሰዎች ናቸው አልልም። በረዶ ሲጥል ሽማግሌው ጎረቤቴ ሳልጠይቀው ደጄን ይጠርግልኛል። ጠርጎ ሲጨርስ ግን በሬን ሳያንኳኳ ይሄዳል።

የዚህ ሰው ሚስት ሞተች። እኔም እንዳገሬ ወግ ነጠላዬን ለብሼ፣ የምስር ወጥ በድስት ይዤ፣ ገና ከደረጃው ድምፄን ከፍ አድርጌ እያለቀስኩ ደረስኩ። ሽማግሌው በሩን ገርበብ አድርጎ አየኝ። ፊቱ ቀላ። "አመሰግናለሁ፤ ቀብሩ ከአሥር ቀን በኋላ ነው" አለኝና ዘጋው። በማግስቱ ሴት ልጁ መጣች። "አባቴ እረፍት ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ሰው ሲያዝን ለብቻው እንተወዋለን፤ አክብሮታችን እሱ ነው" አለችኝ በትሕትና። አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ጎበዝ ተማሪ ወጣኝ። የሥራ ባልደረባዬ እናቱ ስትሞትበት ሁለት መስመር መልእክት ላክሁለት፤ ሥራ ሲገባም ስለ አየሩ ብቻ አወራሁት። ከልቡ አመሰገነኝ።

ባለፈው ዓመት ለእረፍት ሰቆጣ ሄድኩ። አክስቴ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ ናት። ልጅ አልወለደችም፤ ልጇ እኔ ነኝ። ባለቤቷ ደግሞ ሰቆጣ ቤት ተከራይቼ በምማርበት ዘመን ከገጠሩ ከደሃና ድረስ ገብስና ሽምብራ በአህያ ጭነው፣ ቁልቁለቱንና ዳገቱን በእግራቸው ተጉዘው ስንቄን ያደርሱልኝ የነበሩ ሰው ናቸው። ካረጁ በኋላ ሁለቱም ከተማ ገብተው ነበር። እኔ ግን ያረፍኩት ሆቴል ነው። እንዳላጨናንቃቸው ብዬ! ስፈራ ስቸር "ቅር እንዳይልሽ" አልኳት አክስቴን።

በመጣሁ በሳምንቱ ባለቤቷ በድንገት ታመው አረፉ። በጠዋት ተደወለልኝ። እየሮጥኩ ሄጄ በሯ ድረስ ደረስኩ። ግቢው በሰው ተጨናንቋል፣ ዋይታው ይሰማል። ይኼ ሁሉ ሰው ከቧት እኔ ደግሞ ምን ልጨምርባት? ትንሽ ትረፍ አልኩ። ተመለስኩ።

ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆምኩ። አልቃሿ ባገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ "ያሳደጉት ልጅ ወዴት አለ? የተሸከሙለት ልጅ ወዴት አለ?" እያለች ሙሾ ስታወርድ ሰማሁ። ወደ መሐል ወጥቼ ደረቴን እየመታሁ ማልቀስ፣ የልጅ ቦታዬን መያዝ ነበረብኝ። ሰው እኔን ሲፈልግ አየሁ። አንገቴን ደፋሁ። ድምፅ አውጥቼ ማልቀስ ጠፍቶብኛል። ከቀብር መልስ ዘመድ ሁሉ ከአክስቴ ጋር መሬት ላይ ተኝቶ ሊያስተዛዝናት ሲሄድ፣ እኔ ሆቴሌ ገብቼ መልእክት ላክሁላት። "አይዞሽ። እረፊ። ካስፈለግኩሽ ደውዪልኝ።" ፊደል ለማትለይ ሴት! ሰው አስነብባው ይሆን ብዬ እስከ ዛሬ እሳቀቃለሁ።

ከሠልስቱ ማግስት ሄድኩ። አክስቴ ጥቁር ለብሳ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ከሴቶቹ ጋር ሰሌን ላይ ተቀምጣለች። ከአጠገቧ ክፍት ቦታ ነበር። እዚያ ቁጭ ልል፣ ጉልበቷን አቅፌ ልነፋረቅ፣ እርሜን ላወጣ ጎንበስ ስል፣ ከጋዝጊብላ በእግራቸው ለለቅሶ የመጡ አንዲት አሮጊት ቀና ብለው አዩኝ።

"ይኼ ደግሞ ማነው?" አሉ።

"ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ነው" አለች አክስቴ። ወደ በሩ ዞር ብላም፣ "መሬት ይከብደዋል፤ ወንበር አምጡለት" አለች።

አሽሙር ቢሆን ኖሮ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለምናት ነበር። አሽሙር አልነበረም። እንዲመቸኝ ከልቧ አስባ ነው። ወንበሩን አምጥተው ከሰሌኑ ራቅ አድርገው አስቀመጡልኝ፤ ተቀመጥኩበት።