በጥቁር ክር ያጠመድኳቸው ሰውዬ

መጀመሪያ ልናገረው፦ ሌባ ናቸው ብዬ ነበር።

ወልድያ ተምሬ ተመርቄ ስምንት ወር ቤት ቁጭ ካልኩ በኋላ ያገኘሁት ሥራ መርሳ ነው፣ አንድ ዘር የሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ። ድርጅት ይባል እንጂ ግቢ ነው፤ አንድ መጋዘን፣ አንድ ቢሮ፣ አንድ ሚዛን። የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ያባዛውን የማሾ ዘር እንቀበላለን፣ ሴቶቹ ይለቅሙታል፣ በጆንያ ሰፍተን መለያ ወረቀት እናስርበትና ለዘር እንሸጣለን። ባለቤቷን እትዬ ነው የምንላቸው። መጋዘኑን የያዙት ሃምሳ የደፈኑ ሰውዬ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። አስራ አንድ ዓመት እዚያው ሠርተዋል። ቁልፉ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው።

የዘር ጆንያ አንዴ ከተሰፋ አይከፈትም። ከተከፈተ እንደገና ናሙና ተወስዶ፣ መብቀሉ ታይቶ ነው የሚሰፋው። በሦስተኛ ሳምንቴ ታዲያ መጋዘኑ ጥግ ላይ የተደረደሩትን ሳይ ስፌታቸው የኛ አይደለም። የኛ በማሽን ነው፤ እነዚህ በእጅ ተሰፍተዋል፣ ያውም ተጣድፎ።

ገባኝ አልኩ። ዘሩን እያወጡ የገበያ ማሾ እየሞሉበት ነው! ደግሞ ሁኔታቸውም ደስ አይልም። ወንበራቸውን ወደ በሩ አዙረው ነው የሚቀመጡት። ስገባ ወሬ ያቆማሉ። ሁላችን ከምንጠጣበት ጀሪካን ውሃ አይጠጡም። አንድ ቀን ደግሞ ድንገት፣

«አንቺን ማን ነው የላከሽ?» አሉኝ።

«ማስታወቂያ አይቼ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።»

«ማስታወቂያውንስ ማን ለጠፈው?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። የግቢው ጥበቃ ሰምተው፣ «ተያቸው ልጄ፣ የተማረ ሰው ሲያዩ ይጨንቃቸዋል። አብሽሪ» አሉኝ። እኔ ግን አልተውኩም። ሌባ ካልሆነ ሰው እንዲህ አይደነብርም ብዬ ደምድሜያለሁ። ቀጥ ብዬ እትዬ ጋ ሄድኩ።

«አስራ አንድ ዓመት አብሮኝ የኖረን ሰው የሦስት ሳምንት ልጅ መጥታ ሌባ ትለዋለች?» አሉ። «ማስረጃ አምጪ። ካላመጣሽ አፍሽን ያዢ።»

እሺ፣ ማስረጃ! ቅዳሜ ጆንያ ልቁጠር ብዬ ገባሁና በአስር ጆንያ ጆሮ ላይ ቀጭን ጥቁር ክር አሰርኩ፣ ሦስት ሦስት ቋጠሮ። የከፈተ ሰው ክሩን ይበጥሳል። እንዲህ ዓይነት ብልጠት ከየት አመጣሁት ብዬ በራሴ ኮራሁ።

ሰኞ ጠዋት ስደርስ ግቢው ቀውጢ ሆኗል። ጋሼ አንድ ጆንያ መሀል ግቢ ጎትተው አውጥተው ክሩን ከፍ አድርገው ይዘዋል።

«ጥቁር ክር! ሦስት ቋጠሮ! እየሠሩብኝ ነው አላልኩም? መተት ነው!»

እኔ ወጥመድ ያልኩት ለነሱ መተት ነው። እንዴት አላሰብኩትም? ለቃሚዎቹ አማተቡና ወደ አጥሩ ሸሹ። ጥበቃው «አዑዙ ቢላህ» ብለው ዱላቸውን ጥለው ቆሙ። አይሱዙው ሊጭን መጥቶ ቆሟል፣ ጆንያ የሚነካ ግን ጠፋ። ዝናቡ ጀምሯል፣ ገበሬው ዘር እየጠበቀ ነው። ጋሼ ደግሞ አላቆሙም። ሰዎች ዘሩን እየለወጡባቸው እንደሆነ፣ እሳቸው ጆንያውን እየፈቱ ፍሬ በፍሬ እያዩ መልሰው እንደሚሰፉት ተናገሩ። አርባ ጆንያ ከፍተዋል። በኋላ መዝነን አየነው፤ አንድ ጭብጥ አልጎደለም።

ሚስታቸው ተጠርተው መጡ። ቢሮ ገብተው ለእትዬ ቀስ ብለው ነገሯቸው፤ እኔም በሩ ጋ ነበርኩ።

«መድኃኒቱን ትቶት ነው። ወልድያ ከአእምሮ ሐኪም እየወሰደ አስራ ሁለት ዓመት ደህና ነበር። ጠበል ጀመርኩ ብሎ አቋረጠው።»

«አስራ ሁለት ዓመት! ምነው ሳትነግሩኝ?»

«ብንነግርዎ ቁልፉን ይሰጡት ነበር?»

ሚስትየዋ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ «አሁን ግን መተት ከሆነ ሐኪም ምን ያደርግለታል? የሚፈታልኝ ሰው ልፈልግ እንጂ» አሉ። እትዬም ወደ ለቃሚዎቹ እያዩ፣ «ያሰረችዋን ዛሬ በማርያም ስም አስምዬ ነው የማባርራት» አሉ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም። ግን ዝም ካልኩ ሰውየው ሐኪም ቤት ሳይሆን መተት ፈቺ ቤት ነው የሚወሰዱት።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አልኩ። «መተት አይደለም። ማን እንደሚከፍት ለማወቅ ነው። ማስረጃ አምጪ ብለውኝ ነበር።» የተረፈውን ክር ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ጋሼን ጠርተው ነገሯቸው። ክሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«እንዲህ በይ ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም፣ ጋሼ። ራሴ ነኝ።»

«እንግዲያው እውነቴን ነበር» አሉ፣ ረጋ ብለው። «ትጠብቂኝ ነበር።»

ትክክል ነበሩ።

ያን ቀን ሚስታቸው በሚኒባስ ወልድያ ይዘዋቸው ሄዱ፣ ሐኪም ጋ። አርባውን ጆንያ እኔ ነኝ እንደገና ናሙና የወሰድኩት። ዘሩ ደህና በቀለ፤ እስኪበቅል ግን ብዙ ገበሬ ሌላ ቦታ ሄዶ ገዛ። እትዬ አላባረሩኝም፣ ይቅር ያሉኝም አይመስለኝም። አንዴ ብቻ፣ «ሴትየዋ እውነቷን ነው። ብታሳውቀኝ ቁልፉን አልሰጠውም ነበር» አሉኝ።

ጋሼ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ። ወፈር ብለዋል፣ እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። መጋዘኑን ሳይሆን ሚዛኑን ነው የያዙት። አስር ደቂቃ ከዘገዩ ለቃሚዎቹ ይተያያሉ። ድምፃቸውን ከፍ ካደረጉ ሥራ ይቆማል። እሳቸውም እንደምናያቸው ያያሉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጆንያ ስፌቱ ተፈቶ አገኙና ጠሩኝ።

«ነይ እዪው፣ አንቺ ልጅ። እኔ አልነካሁትም።»

አይጥ ነው የበላው፤ የጥርሱ ምልክት ይታያል።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አልኩ።

ግን ጎንበስ ብዬ የጥርሱን ምልክት ካየሁ በኋላ ነው ያልኩት። እሳቸውም ጎንበስ ስል አይተውኛል።