ጭራ ላላቸው ሱሪና ወንበር

ልጅ እያለሁ ትልቁ ጭንቀቴ ጭራ ያለው ፍጡር ሱሪ ለብሶ እንዴት እንደሚቀመጥ ነበር። አትሳቁብኝ፣ ነገሩ የምር ነበር።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አባዬ፣ እማዬና እኔ ለንደን ገባን። ዋይት ሲቲ ውስጥ፣ ደረጃው ሁልጊዜ እርጥብ ምንጣፍና የተጠበሰ ድንች የሚሸት ሕንፃ ላይ ሁለት ክፍል ተሰጠን። አባዬ አዲስ አበባ ሳለ የቤት ዕቃ ሠሪ ነበር። እዚህ ግን ወረቀታችን እስኪወጣ ድረስ መሥራት አይፈቀድለትም። ጠዋት ይላጫል፣ ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ከዚያ የሚሄድበት ስለሌለው መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። እያደር ንግግሩም አነሰ። እማዬ እሱን ለማናገር ስትል ስለ አየሩ ትጠይቀዋለች፤ "ያው ነው" ይላታል።

የዚያን ዓመት ክፍላችን ቲያትር ሊያሳይ ሆነ። እንስሳት እንደ ሰው የሚኖሩበት መንደር ነው፤ ቁርስ ይበላሉ፣ አውቶቡስ ይሳፈራሉ፣ ይጣላሉ። እኔ ጦጣ ሆንኩ፣ ጓደኛዬ ሰሚራ ቀበሮ። ልምምድ ላይ ሰሚራ ቁጭ ስትል ጭራዋ ከሥሯ ተጨፈለቀ፤ ስትነሳ ደግሞ ሱሪዋን ይዞ ቀደደው። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ሰሚራ እያለቀሰች "ሁለተኛ መድረክ ላይ አልወጣም" አለች። አስተማሪያችን ሚስ ክላርክ ጭራዎቹን በሙሉ እናስቀር ስትል፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ "አይሆንም! እኔ አስተካክለዋለሁ" አልኩ። እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። የድሮ ሱሪዬን ገልብጣ ይዛ "ጭራው የሚወጣው ከቀበቶው በላይ ነው ወይስ ከታች?" አለችኝ።

"ከታች ነው እንጂ! ጦጣ አላየሽም?"

"እንግዲያው ከወገቡ ጀምሬ እሰነጥቀውና ከላይ በቁልፍ ይያዛል። አለዚያ ሱሪ በለበስሽ ቁጥር ጭራሽን በቀዳዳ ስታሾልኪ ልትኖሪ ነው?"

"ልብሱ ምን አጠፋ?" የሚል ድምፅ ከመስኮቱ በኩል መጣ። ሁለታችንም ዞርን። አባዬ ነው። "ጥፋተኛው ወንበሩ ነው። መደገፊያው እስከ ታች ድፍን ከሆነ ጭራው የት ይግባ?"

ተነስቶ የእማዬን ሻርፕ ከኋላው ቀበቶው ላይ ቋጠረና የቤቱን መቀመጫ ሁሉ ሞከረ። ሶፋው ላይ ጭራው ታፈነ። በርጩማው ተመችቶት ነበር፤ ግን "ጭራ ያለውስ ቢሆን ጀርባው አይደክመውም?" ብሎ ተነሳ።

"ታዴ፣ በል እስኪ እንደ ሰው ቁጭ በል!" አለች እማዬ።

"እንደ ሰው ቢሆንማ ምን ችግር ነበረው!"

ለንደን ከገባን ወዲህ ሁለቱ አብረው ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

በሳምንቱ አባዬ ትምህርት ቤታችን መጣ። ክፍያ ስለሌለው የሚከለክለው አልነበረም። ሚስ ክላርክ ዕቃ ቤት የተጣሉ የእንጨት ወንበሮች ሰጠችው፤ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። የመደገፊያውን የላይኛውን ክፍል ትቶ ታችኛውን ቆርጦ ከፈተው፣ ጭራ እንዳይዝም ጠርዙን አለሰለሰው። ክፍቱን ለሰሚራ ወፍራም ጭራ ሰፋ፣ ለእኔ ደግሞ ጠበብ አደረገው። ቤት ሲመለስ ልብሱ እንጨት እንጨት ይሸት ነበር።

በትርኢቱ ቀን ሰሚራ ገብታ ተቀመጠች። ጭራዋ በክፍቱ ሾልኮ እስከ ወለሉ ወረደ። እግሯን እንደ እመቤት አነባብራ ሻይዋን ስታነሳ አዳራሹ አጨበጨበ። ሲያበቃ አንዲት ወላጅ ወንበሮቹን ማን እንደሠራ ጠየቀች። ልተረጉምለት አፌን ስከፍት አባዬ ቀደመኝና በእንግሊዝኛ "እኔ ነኝ። የቤት ዕቃ ሠሪ ነኝ" አለ። ነበርኩ አላለም።

ዛሬ እዚሁ ለንደን፣ ባተርሲ፣ የኮምፒውተር ጌም የሚሠራ ድርጅት ውስጥ፣ እንደ ሰው ለሚኖሩ እንስሳት ልብስና የቤት ዕቃ ዲዛይን አደርጋለሁ። ሥራዬን አውቀዋለሁ። ጭራው ጨርቁን ጥሶ እንደወጣ አድርጎ የሚስል አዲስ ልጅ ሲያጋጥመኝ "መጀመሪያ ወንበር ላይ አስቀምጠው" እለዋለሁ። አባዬም ዊልስደን ውስጥ የራሱን ወርክሾፕ ከፍቷል። ስደውልለት በመጋዝ ጩኸት መሃል "መልሼ እደውልልሻለሁ" ይለኛል። ደስ ይለኛል። ያ ያለ ሥራ መስኮት ሥር የተቀመጠበት ዓመት ከዕድሜው የተቀማ ነው፤ እንዲመለስበት አልመኝም። ግን ከትምህርት ቤት ስገባ ሁልጊዜ ቤት የማገኘው፣ የጠየቅኩትን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያስብልኝ አባት የነበረኝ ያኔ ነው። ያ አባት አንዳንዴ ይናፍቀኛል።